አስፋልቱና የእግር መንገዱ

በቅርቡ አንድ ምሽት መብራት ጠፋና በመኝታ ክፍላችን ሻማ ከበን ስንጫወት አንዱ ጓደኛችን፣ «እስቲ ሁላችሁም ብዕር አንሡና አገራችሁን ሣሉ» አለን። ከመካከላችን የወልድያ ልጅ አለ፤ የመርሳ ልጅ አለ፤ ከሀብሩ ገጠር የመጣም አለ። ሁላችንም ወረቀታችን ላይ አጎነበስን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስንደረድራቸው ሳቃችን መጣ። ሳንመካከር ሁላችንም የሣልነው አንድ ነገር ነው፦ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ መሥመር፤ በመሥመሩ ላይ እንደ ጨሌ የተሰኩ ነጥቦች፤ ቆቦ፣ ወልድያ፣ ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ። ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ወረቀቱ ባዶ ነው።

ከሀብሩ ገጠር የመጣው ጓደኛችን እንኳ የተወለደበትን መንደር አልሣለም። «ምነው?» ብንለው፣ «መኪና አይገባማ!» አለን።

ይኼኔ ሳቁ ቆመ። ይህ ልጅ እኮ እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ፍየል ሲጠብቅ የኖረ ነው። የትኛው ገደል ሥር ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው አቋራጭ በክረምት እንደሚዘጋ ያውቃል። ታዲያ ያ ሁሉ እውቀት የት ገባ? ዩኒቨርስቲ ስንገባ አራገፍነው? ወይስ ከውስጣችን እያለ ለወረቀት የማይበቃ መስሎን ተውነው?

ይህንን ጥያቄ ይዘን ጥቂት ሳምንታት መጻሕፍት ስናገላብጥ ሰነበትን። እንደ ዕድል ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ የመረመረ አንድ የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር አገኘን። የሱን ታሪክ ስንከተል ደግሞ ሳናስበው ወደ ገዛ አገራችን ታሪክ ተመለስን። እነሆ ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

፩

ሰውዬው ኤድዋርድ ቶልማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካ ተወለደ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሲያስተምርና ሲመራመር ኖሮ በ1959 አረፈ። የሥራ ባልደረባው ነጭ አይጥ ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በ1932 ያሳተመውን ትልቁን መጽሐፉን መታሰቢያነቱን የሰጠው ለነጭ አይጥ ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የገነነው ትምህርት እንስሳም ሆነ ሰው የሚማረው በልማድ ብቻ ነው የሚል ነበር። ቀስቃሽ ነገር ይመጣል፣ ሰውነት ይመልሳል፣ ሽልማት ይከተላል፣ መልሱ ይጠነክራል፤ በቃ። ውስጡ ምን አለ ብሎ መጠየቅ እንደ ጥንቆላ ይቆጠር ነበር። ለዚህ አስተሳሰብ ማስረጃ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1908 ካርና ዋትሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አይጦችን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አሠልጥነው ሲያበቁ መተላለፊያውን አሳጠሩት። አይጦቹ እንደ ለመዱት በሙሉ ኃይላቸው ሮጠው መጨረሻው ላይ ካለው ግድግዳ ጋር ተላተሙ። (አትሳቁባቸው። የመማሪያ ክፍል ተቀይሮ ሳለ በልማድ የዱሮው ክፍል ገብቶ ሌላ ትምህርት የሰማ ከመካከላችን ሞልቷል።)

ቶልማን ግን ልማድ ሁሉን ነገር አይገልጽም ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ከሆንዚክ ጋር ያደረገው ሙከራ ዝነኛ ነው። መንገዱ የተጠላለፈ፣ ወዲያና ወዲህ የሚያሳስት፣ አሥራ አራት መታጠፊያ ያለው ሣጥን አሠሩ። አይጦቹን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያው ቡድን በየቀኑ መጨረሻው ላይ ምግብ ያገኛል። ሁለተኛው ምንም አያገኝም፤ ዝም ብሎ ይንከራተታል። ሦስተኛው አሥር ቀን ያለ ምግብ ከተንከራተተ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ምግብ ተቀመጠለት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ልማድና ሽልማት ከሆነ ይህ ሦስተኛው ቡድን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሀ መነሣት ነበረበት። የሆነው ሌላ ነው። በማግሥቱ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ስሕተቱ ባንድ ጊዜ ወርዶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲበላ ከነበረው ቡድን ጋር ተስተካከለ።

ምን ማለት ነው? አይጦቹ ያለ ደመወዝ አሥር ቀን ሲንከራተቱ ቤቱን ያጠኑ ነበር ማለት ነው። ያወቁትን የሚያሳዩበት ምክንያት ግን አላገኙም ነበር። ቶልማን ይህን «ስውር ትምህርት» አለው። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ቃል ያዝልን፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ከሪቺና ከካሊሽ ጋር ሌላ ሙከራ አደረገ። አይጦቹ ወደ ምግቡ በሚያዞር አንድ መንገድ ሠለጠኑ። ከዚያ የለመዱት መንገድ ተዘጋና እንደ ፀሐይ ጮራ በየአቅጣጫው የተዘረጉ አሥራ ስምንት አዳዲስ መንገዶች ቀረቡላቸው። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አይጦች የመረጡት በቀጥታ ምግቡ ወዳለበት አካባቢ የሚያመራውን ነው። በዚያ መንገድ ከዚያ በፊት አልሄዱበትም። ምግቡ አጠገብ መብራት ስለ ነበረ «መብራቱን ተከትለው ነው» የሚሉ ተቺዎች ተነሡ፤ ነቀፌታቸውም መሠረት አለው። ቢሆንም ጥያቄው ከዚያ ወዲያ ሊዳፈን አልቻለም፦ እንስሳ በአእምሮው ውስጥ የቦታ ሥዕል ይዞ ይዞራል?

ቶልማን «አዎን» አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው ጽሑፉ ይህንን ሥዕል «የአእምሮ ካርታ» ብሎ ሰየመው። ለኛ ጉዳይ ዋናው ደግሞ ያደረገው መለያ ነው። የአእምሮ ካርታ ሁለት ዓይነት ነው ይላል፤ ቀጭንና ሰፊ። ቀጭን ካርታ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንዲት መሥመር ናት፤ መንገዱ እስካልተለወጠ ድረስ ታደርሳለች። ሰፊው ካርታ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ መንገዱ ሲዘጋ ሌላ ያስገኛል። ካርታን የሚያጠብቡ አራት ነገሮችንም ዘረዘረ፦ የአንጎል ጉዳት፣ ከአካባቢው የሚገኝ ምልክት ማነስ፣ አንዱኑ መንገድ ከመጠን በላይ መመላለስ፣ በመጨረሻም ከልክ ያለፈ ችግርና ብስጭት። ያ የጻፈበት ጊዜ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን በአይጥ ጀምሮ በሰው ጨረሰ። የተቸገረና የተቆጣ ሰው ካርታው ጠቦ ጥፋቱን ሁሉ ከሱ ወገን ውጪ ባሉት ላይ እንደሚጭን አስጠነቀቀ።

፪

የዚህ ሰው ካርታ የእውነት ሰፊ መሆኑ የተፈተነው ወዲያው በዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ የበላይ ቦርድ መምህራን ሁሉ ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በመሐላ ፈርመው እንዲያረጋግጡ አዘዘ። ቶልማን ኮሚኒስት አልነበረም። ሆኖም አንድ ምሁር ለማስተማር የፖለቲካ መሐላ ሊጠየቅ አይገባም ብሎ አልፈርምም አለ፤ ለእምቢተኞቹም መሪ ሆነ። በ1950 ሠላሳ አንድ መምህራን ተባረሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1952 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመምህራኑ ፈረደ። ጡረታው በር ላይ የደረሰ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ዝም ብሎ ፈርሞ ወደ አይጦቹ መመለስ ይችል ነበር። በለመዱት መንገድ መሮጥ ከግድግዳ ጋር እንደሚያላትም ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

፫

ቶልማን ካርታው አንጎል ውስጥ የት እንዳለ ሳያይ ሞተ። ያገኙት ከሱ በኋላ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሎንዶን ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ጆን ኦኪፍ ከዶስትሮቭስኪ ጋር ሆኖ አንድ ግኝት አሳተመ። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል (ስሙ በግሪክ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ ቅርጹ ያንን ስለሚመስል) አይጡ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚነቃቁ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ሕዋስ ማዕዘኑ ላይ፣ ሌላው በሩ ጋ፣ ሌላው መሐሉ ላይ። በ1978 ኦኪፍ ከሊን ናደል ጋር ትልቅ መጽሐፍ ጻፈና የቶልማን ካርታ መኖሪያው ሂፖካምፐስ ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ሪቻርድ ሞሪስ የሚባል ተመራማሪ አይጦችን ውሃው እንዲደፈርስ በተደረገ ገንዳ ውስጥ አዋኘ፤ ከውሃው በታች የተሰወረች ማረፊያ አለች። ጤነኛ አይጥ በገንዳው ዙሪያ ያለውን አይቶ ቦታዋን ይማራል። ሂፖካምፐሱ የተጎዳ ግን ሲዋኝ ይውላል። በ2005 ኤድቫርድና ማይ ብሪት ሞሰር የተባሉ ኖርዌጃውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቦታን እንደ መረብ በእኩል ርቀት የሚለኩ ሌሎች ሕዋሳት አገኙ። በ2014 ኦኪፍና ሁለቱ ሞሰሮች የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ይህ ችሎታ የአይጥና የሰው ብቻ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሚኖር አንድ የጉንዳን ዘር አለ፤ ሩዲገር ቬነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ቱኒዚያ ላይ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ይህ ጉንዳን ምግብ ፍለጋ ሲወጣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ሲያገኝ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ርቀቱን በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2006 እነ ቬነር ምግብ ላይ የደረሱ ጉንዳኖችን ይዘው የአንዳንዶቹን እግር በአሳማ ጸጉር አስረዘሙ፣ የአንዳንዶቹን ደግሞ አሳጠሩ። ባለ ረጅም እግሮቹ ጉድጓዳቸውን አልፈው ሄዱ፤ ባለ አጭሮቹ ሳይደርሱ ቆመው ፍለጋ ጀመሩ። እርምጃቸውን ይቆጥራሉ ማለት ነው! ንብ ደግሞ ቀፎ ውስጥ በጨለማ እየጨፈረች ለጓደኞቿ የአበባውን አቅጣጫ ከፀሐይ አንፃር፣ ርቀቱንም በጭፈራዋ ርዝመት ትነግራለች። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ ኖቤል የተሸለመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ወሎ ትራብ በነበረበት ዓመት።

የሰውን ነገር በተመለከተ ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን የኤሊኖር ማጓየር ሥራ ነው። የሎንዶን ታክሲ ነጂ ፈቃድ ለማግኘት ሃያ አምስት ሺህ ያህል ጎዳናዎችን በቃል ማጥናት አለበት፤ ዓመታት ይፈጃል። ማጓየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህ ነጂዎች የሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ተልቆ ተገኘ። በ2006 ደግሞ የታክሲ ነጂዎችን ከአውቶቡስ ነጂዎች ጋር አወዳደሩ። ሁለቱም በዚያው ከተማ ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፤ ልዩነታቸው የአውቶቡሱ ነጂ አንድ የተወሰነ መሥመር መመላለሱ ነው። ያ የአንጎል ክፍል የተለቀው በታክሲ ነጂዎቹ ነው።

እንግዲህ የቶልማን ቀጭንና ሰፊ ካርታ ማለት ይኸው ነው። እኛም ያን ምሽት በሻማ ብርሃን የሣልነው የአውቶቡስ ካርታ ነበር።

፬

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። መርሳ ከሷ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከወልድያ ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። በምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ ምድሩ እየወረደ፣ እየሞቀ ሄዶ አፋር ይደርሳል። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ገብስ የሚበቅልበትና ማሽላ የሚበቅልበት አገር ይገናኛሉ።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው ስለ ቦታ ሲናገር ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አይላችሁም። «ወደ ላይ ውጣ»፣ «ወደ ታች ውረድ»፣ «ማዶ ተሻገር»፣ «ከወንዙ ወዲህ» ይላችኋል። ወደ መርሳ ይወረዳል፤ ወደ ወልድያ ይወጣል። «ቀኝ» የሚለው ቃል ተናጋሪው በዞረ ቁጥር ይዞራል፤ ዳገቱ ግን አይዞርም። ሽማግሌው መሬቱን ራሱን ኮምፓስ አድርገውታል።

እረኛው ደግሞ የቶልማን ሦስተኛ ቡድን ነው። ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳይፈትነው፣ ከፍየሎቹ ኋላ ሲንከራተት ይውላል። መምህሩ «ጊዜውን በከንቱ አሳለፈ» ይለዋል። ነገር ግን ወንዝ ሞልቶ መንገድ የተቆረጠ ቀን፣ ወይም በሬ የጠፋ ሌሊት መንደሩ ሁሉ የሚጠራው ማንን ነው? አሥር ዓመት የተከማቸው ስውር ትምህርት ባንድ ቀን ይገለጣል።

፭

«ይሁን እንጂ ካርታ ማለት በወረቀት ላይ ያለው ነው፤ ሌላው የገበሬ ወሬ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ለሱ ሁለት ነገር እንንገረው።

አንደኛው ከሥነ ልቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዴሬጎውስኪና ሁለት ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በመኤን ሕዝብ መካከል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ጥያቄያቸው ሥዕል አይቶ የማያውቅ ሰው በሥዕል ያለን እንስሳ ይለያል ወይ የሚል ነው። ሥዕሉ በወረቀት ሲቀርብላቸው አንዳንዶች ወረቀቱን ራሱን እየዳሰሱ፣ እያሸተቱ ይመረምሩት ጀመር፤ ወረቀት ለነሱ እንግዳ ነውና። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በጨርቅ ላይ ሣሉት። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ፣ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን እያሉ እንስሳውን አወቁት። እንስሳውንማ ዱሮም ያውቁታል! የከበዳቸው የኛ ወረቀት ነው። አንድን ሰው በማያውቀው ዕቃ ፈትኖ «አላዋቂ ነው» ማለት የፈታኙን ጥበት ያሳያል።

ሁለተኛው ከታሪክ ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ ስንጓዝ ውጫሌን እናልፋለን። በ1881 ዓ.ም. አጤ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት የተፈራረሙት ውል ስሙን ያገኘው ከዚችው ከአምባሰል ከተማ ነው። የዚያ ውል ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አበቃ። በዚያ ሌሊት የኢጣሊያ ጦር በሦስት ተከፍሎ በጨለማ ሲገሠግሥ የያዘው ጄኔራል ባራቲየሪ ያደለው ንድፍ ካርታ ነበር። በካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ ትክክለኛው አልነበረም። የግራውን ክንፍ የሚመራው ጄኔራል አልቤርቶኔ የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት ብሎ ወደሚጠራው እውነተኛው ቦታ ዘለቀ። እሱም ኪሎ ሜትሮች ወደ ፊት ነው። ሲነጋ ብቻውን በኢትዮጵያ ሠራዊት መካከል ተገኘ። ዓድዋን ያሸነፈው የኢትዮጵያውያን ጀግንነትና ብዛት መሆኑን አንስትም። ግን ወረቀት የያዘ ሁሉ አገር ያውቃል ለሚል ሰው ይህ ከበቂ በላይ መልስ ነው።

፮

አሁን ወደሚያመው ነገር እንግባ። ያን ምሽት የሣልነው መሥመር፣ ማለት ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በመርሳ፣ በወልድያ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀው መንገድ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በመኪና መንገድነት የሠራው ነው። ጠመንጃና ወታደር ለማጓጓዝ ታስቦ ነበር የተሠራው። ወራሪው ከወጣ በኋላም ወሎን ለሚያስተዳድረው መንግሥት ዓይኑ ያ መንገድ ሆኖ ቀረ። ሹም የሚመጣው በሱ ነው፤ ግብር የሚሄደው በሱ ነው። ከሱ ግራና ቀኝ ያለው አገር ለአዲስ አበባ ባዶ ወረቀት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ያ ባዶ ወረቀት ተነሥቶ ወደ አስፋልቱ መጣ። ዝናብ ቀርቶ፣ ከብት አልቆ፣ ገበሬው ልጁን አዝሎ ወደ መንገዱ ወረደ። መንገዱ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና እያስቆመ ለመነ። የመጠለያ ጣቢያዎችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ነው። አስፋልቱ ድረስ መራመድ የቻለው ታየ። መንገድ ላይ የወደቀውን፣ ከቤቱ ሳይወጣ የሞተውን ማን ቆጠረው? በቀጭኑ ካርታ ላይ አልነበረምና ሞቱም አልተመዘገበም።

አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ጊዜ ወሎን አጥንቶ ያሳየው ነገር ይህንኑ መንገድ ይበልጥ ያስከፋል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም። የተራበው ሰው እህል መግዣ አልነበረውም። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። የተራበው ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ የእህል መኪና ሲያልፍ ማየቱ ነው!

ስለ አፋርም እዚያው እናገኛለን። የአፋር አርብቶ አደር ካርታ ከማንም የሰፋ ነው፤ በዝናብ ወራት የት፣ በበጋ የት እንደሚሄድ ዓመቱን ሙሉ የሚዘዋወር ካርታ ነው። የካርታው ዋልታ በበጋ የሚሸሽበት የአዋሽ ሸለቆ ግጦሽ ነበር። ያ መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተሰጠ። ዕቅድ አውጪው ወረቀቱን ሲያይ በዚያ ወር ሰው ስላልነበረበት «ባዶ መሬት» መሰለው። ድርቁ ሲመጣ አፋሩ መንገዱን ያውቃል፤ መድረሻው ግን ታጥሯል።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. ጥቂት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው ግቢው ውስጥ አሳዩ። መንግሥት እንዲሸፈን የፈለገው ነገር በተማሪው ፊት ተገለጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ሰማ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ ለሕዝብ ታየ። እነዚያ መምህራን ያደረጉት ሲጠቃለል ቀላል ነው፤ ከለመዱት መሥመር ወጥተው ሄደው አዩ። ቀላል ስለሆነ ግን ማንም ያደርገዋል ማለት አይደለም።

፯

የቶልማን አራተኛ ምክንያት፣ ችግርና ብስጭት ካርታን ያጠብባል የሚለው፣ ለኛ ትውልድ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ያ አስፋልት የጦር መንገድ ሆነ። ከመካከላችን በዚያ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር የሸሸ አለ። አስፋልቱን ትተው በእግር መንገድ የወጡትን የመሩት የተማሩት ልጆች አልነበሩም፤ ሽማግሌዎችና እረኞች ነበሩ። ሰፊው ካርታ ያን ቀን ነፍስ አዳነ።

ያው ጦርነት ግን ሌላ ካርታ አጠበበ። ዱሮ ከአፋር ምድር የተቆረጠ አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ ደጋ ወጥቶ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ከሀብሩ ወደ አፋር፣ ከቆቦ ወደ ራያና ወደ ትግራይ የሚወስዱት የእግር መንገዶች የገበያ፣ የጋብቻና የአበልጅ መንገዶች ነበሩ። ዛሬ ከኛው መካከል እነዚያን አቅጣጫዎች ሲያስብ ጠላት ብቻ የሚታየው አለ። የተጎዳ ሰው እንደዚያ ቢያስብ አንፈርድበትም። ነገር ግን ተምረናል የምንል ሰዎች የቁስላችንን ካርታ የአገር ካርታ ነው ብለን ለታናናሾቻችን ልናወርስ አይገባንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትልቅ ነገር አናቀርብም። ለክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት ይዘን እንግባ። አንድ እረኛ፣ አንዲት ውሃ ቀጂ፣ አንድ ነጋዴ አዛውንት አጠገብ እንቀመጥና ከቤት ደጃፍ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ይንገሩን። ምንጩን፣ ዋርካውን፣ መሻገሪያውን፣ እያንዳንዱንም በስሙ እንመዝግብ። ሥነ ልቡና የሚያጠኑ ጓደኞቻችንም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ከሩቅ ከሚፈልጉ፣ የፍየል ጠባቂ ልጅና የከተማ ልጅ ቦታን እንዴት እንደሚማሩ ቢያወዳድሩ የመጀመሪያው ጥሩ ሥራ እዚሁ ሊወለድ ይችላል። ፈተናው በወረቀት ብቻ እንዳይሆን ግን የመኤንን ነገር ያስታውሱ።

ከማብቃታችን በፊት ያን ምሽት እንጨርሰው። ሳቁ ከቆመ በኋላ ያ ጨዋታ ያመጣው ጓደኛችን ለሀብሩው ልጅ ሌላ ወረቀት ሰጠውና፣ «በል አሁን አስፋልቱን ተወው። ከእናትህ ደጃፍ ተነሥተህ ፍየሎቹን ውሃ አጠጣ» አለው። ልጁ ትንሽ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ማስመር ጀመረ፤ ደጃፉን፣ ቁልቋሉን፣ ምንጩን፣ ወደ መስጊዱ የሚወጣውን ዳገት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያቋርጠውን ማሳ፣ ጅብ የሚያድርበትን ዋሻ፣ አባቱ በልጅነቱ የነገሩትን የዱሮ የግመል መንገድ። የየአንዳንዱን ስም እየነገረን ይሥላል። ሻማው አልቆ ሌላ ለኮስን።

ያ ሁሉ ከውስጡ አልጠፋም ነበር። ማንም አልጠየቀውም እንጂ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላበት ቀና አለና፣ «ወደ ቆላው ገና አልወረድኩም እኮ» አለን። «ማን ጋ ወረቀት ተርፏል?»